ጎማውን ማን ቀደደው?

ጆሯችሁን ወዲህ በሉ፤ ነገሩ እንዲህ ነው። ይመኙሻል የምትባል ሴት የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለሽንኩርት ችግኟ ውሃ። ተራዋ ደርሶ በማለዳ ማሳዋ ስትወርድ ቦዩ ደርቆ ጠበቃት። ክው አለች። ትናንት ግጥም ብሎ ይፈስ የነበረ ቦይ ነው።

የመስኖውን ተራ ወደሚያከፋፍሉት ውሃ አባት ወደ ጋሽ አራጋው ሮጠች።

«ጋሼ፣ ተራዬ ነው፤ ውሃውን ልቀቁልኝ።»

«ከየት አምጥቼ ልጄ? ጎማው ተኝቷል።»

ጎማ የሚሉት ግድባቸውን ነው፤ በአየር ሲነፋ ወንዙን አግዶ ወደ ቦዩ ያወጣል፣ አየሩ ሲወጣ ይተኛል። እንግዲህ ጎማው ካልተነሳ ወንዙ አይወጣ፣ ወንዙ ካልወጣ ቦዩ አይሞላ፣ ቦዩ ካልሞላ ሽንኩርቱ አይጠጣ።

ወንዝ ወረደች። ያ እንደ ኮርማ ተወጥሮ የሚውለው ጎማ እንደ ባዶ ስልቻ ተዘርግቷል።

«ምነው አትነፋውም?» አለችው ጠባቂውን ሸጋውን።

«ተቀዷል። ጎሚስታው ይጠግነውና እነፋለሁ።»

ጎሚስታው ካልጠገነ ሸጋው አይነፋ፣ ሸጋው ካልነፋ ጎማው አይነሳ፣ ጎማው ካልተነሳ ወንዙ አይወጣ፣ ወንዙ ካልወጣ ቦዩ አይሞላ፣ ቦዩ ካልሞላ ሽንኩርቱ አይጠጣ።

ጎህ ሲቀድ የተጠራው ጎሚስታ እንድሪስ ግን እጁን አጣጥፎ ዳር ተቀምጧል።

«በቢላ ነው የተቀደደው» አለ። «ያለኝ ልጣፍ አንድ ነው። ቀዳጁ ሳይታወቅ ብለጥፈው ነገም ይቀደዳል።»

በቢላ። ቀዳጁ ካልታወቀ ጎሚስታው አይጠግን፣ ጎሚስታው ካልጠገነ ሸጋው አይነፋ፣ ሸጋው ካልነፋ ጎማው አይነሳ፣ ጎማው ካልተነሳ ወንዙ አይወጣ፣ ወንዙ ካልወጣ ቦዩ አይሞላ፣ ቦዩ ካልሞላ ሽንኩርቱ አይጠጣ።

ቀዳዳው በማዶ በኩል ነበርና ተሻገረች። ከመጀመሪያው ቤት ደጃፍ እትዬ ዘምዘም የሚባሉ እናት ቃሬዛ ያጥባሉ። ውሃው ቀልቷል።

«እትዬ፣ ጎማውን ማን እንደቀደደው ያውቃሉ?»

«እኔ ነኝ።»

ይመኙሻል የቀላውን ውሃ አየች።

«ጎማው ሲነሳ መሻገሪያችን ውሃ ውስጥ ይገባል» አሉ እትዬ ዘምዘም። «ጤና ጣቢያው ያለው እናንተ ዘንድ። ትናንት አመሻሽ ልጄን ምጥ ጠንቶባት ተሸክመናት ወረድን። ጠባቂውን ብንጣራ የለም። ደሟ ይፈስሳል። ቢላውን ሰካሁት፤ ውሃው ጎደለ፤ ተሻገርን። በሰላም ተገላገለች። የማስተንፈሻው ቁልፍ ለእኛም ካልተሰጠን ነገም እቀደዋለሁ።»

ለቁጣ የመጣችው ሴት ቃሬዛውን አብራ አጥባ ተመለሰች። የሰማችውን ለጋሽ አራጋው፣ ለሸጋውና ለእንድሪስ አንድ በአንድ ነገረቻቸው። ሸጋው አቀረቀረ። ጋሽ አራጋው ግን «ጎማው በተኛ ቁጥር የሚጠፋው ውሃ ከማን ተራ ይቀነስ?» አሉ።



«ከእኔ ይቀነስ» አለች ይመኙሻል።

ጋሽ አራጋው ደንግጠው አዩዋት፤ ከዚያ ፈቀዱ። እሳቸው ሲፈቅዱ ሸጋው ለማዶ ሰዎች ቁልፍ ሰጠ፣ ቁልፍ ሲሰጥ እንድሪስ ጠገነ፣ እንድሪስ ሲጠግን ሸጋው ነፋ፣ ሸጋው ሲነፋ ጎማው ተነሳ፣ ጎማው ሲነሳ ወንዙ ወጣ፣ ወንዙ ሲወጣ ቦዩ ሞላ፣ ቦዩ ሲሞላ ሽንኩርቱ ጠጣ።

በሦስተኛው ቀን ቦዩ ድንገት ጎደለ። ይመኙሻል ወንዝ ወረደች። እትዬ ዘምዘም ቁልፉን ይዘው ቆመዋል፤ አራሷ ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ቤቷ ልትሻገር ነው። ይመኙሻል ልጁን ተቀበለቻትና እስከ ማዶ አደረሰችው። ሽንኩርቱ እስከ ቀትር ተጠማ።