እመት ቀበሮ የጓጓችለት መቶ በመቶ

አንድ ጊዜ፣ አንዲት ቃል ከራሴ ከጨመርሁ ዕድሜዬ ይጠር፣ በአንድ ጫካ ውስጥ የእንስሳት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነበረ። ዝናብ ሲመጣ ከውጭ ይልቅ ክፍሉ ውስጥ ስለሚዘንብ፣ ተማሪው ለመጠለል ወደ ሜዳው ይሮጥ ነበር።

በስድስተኛ ክፍል ከሚማሩት አሥራ ስምንት እንስሳት አንዷ አህያ ነበረች። ግማሽ ቀን እህል ስታመላልስ ውላ፣ ከነላቧ መጥታ ትቀመጣለች። ንባቧ ዝግ ያለ ነው። አንድ መስመር አንብባ እስክትጨርስ ቀንድ አውጣ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዘመድ ጠይቆ ይመለሳል። ያነበበችውን ግን አትረሳም። ሐሳቧ ሁሉ ስድስተኛን አልፎ ከወንዙ ማዶ ሰባተኛ ክፍል መግባት ነበር።

በየዓመቱ መጨረሻ ከአንበሳ ጽሕፈት ቤት ለጫካው ትምህርት ቤቶች በሙሉ አንድ ዓይነት ፈተና ይላካል። በዚያ ዓመት ታዲያ አዋጅ ወጣ። ለፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎቹ መቶ በመቶ ያለፉለት ትምህርት ቤት ዋንጫ ይሸለማል፤ ርዕሰ መምህሩም የቤተ መንግሥት አማካሪ ይሆናል። ርዕሰ መምህሯ ቀበሮ ይህን ሰምታ ሦስት ቀን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። በአራተኛው ቀን አዋጁን እንደገና ስታነብ «ከተቀመጡት» ይላል እንጂ «ከተመዘገቡት» አይልም። ጅራቷ በደስታ ቆመ።

ወዲያው የሙከራ ፈተና አወጣች። ስንፍና ስለያዛት ያንኑ ጥያቄ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ሰጠች። ሌሎቹ ጥያቄውን እያነበቡ አንዳንዱን ይስታሉ። ጅብ ግን ጥያቄ አንብቦ አያውቅም። መልሱ ሲታረም ሰምቶ «ሀ፣ ሀ፣ መ፣ ለ፣ ሐ» እያለ እንደ ዘፈን ሸመደደውና በሦስተኛው ሙከራ መቶ ከመቶ ደፈነ። ቀበሮም ከእርሱ በቀር ሁሉንም አንድ በአንድ እየጠራች አሰናበተች። ኤሊን እጅህ ይዘገያል፣ ጦጣን መቀመጥ አትችይም፣ ጃርትን ደግሞ የጎረቤትህን ወረቀት ትበሳለህ አለቻቸው። በመጨረሻ የአህያ ተራ ደረሰ።

«እህቴ፣ ዘንድሮም ዕረፊ። ለከርሞ ጠንክረሽ ትመጫለሽ።»

«እትዬ፣ አምናም እንዲሁ ብለውኛል፤ ካቻምናም» አለች አህያ። «ሦስት ጊዜ የቀረ ከመዝገብ ይሰረዛል፤ ደንቡ ነው።»

«ታዲያ እህል ለመሸከም የስድስተኛ ክፍል ውጤት ማን ይጠይቅሻል?»

የአህያ ጆሮዎች እስከ ጉልበቷ ተንጠለጠሉ፤ መንገድ ላይ እንዳትረግጣቸው እያነሳች ወደ ቤቷ ሄደች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። የፈተናውን ሣጥን ከቤተ መንግሥት የሚያመጣ ተሸካሚ ሲፈለግ ከአህያ ሌላ አልተገኘም። ሣጥኑን ተሸክማ፣ ፈታኙን ጉሬዛን አስከትላ በማለዳ ደረሰች። ጉሬዛ ነጭ ካባውን ደርቦ፣ መነጽሩን አፍንጫው ላይ ሰክቶ ሲራመድ ሣሩ ራሱ ቁጭ ብድግ ይልለት ነበር። ሣጥኑን አስገባ፤ አህያ ግን በቀበሮ ትእዛዝ ውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆመች።

ክፍሉ ውስጥ ጅብ ብቻውን ተቀምጧል። ጉሬዛ ሌሎቹ የት እንደገቡ ቢጠይቅ፣ ቀበሮ አሥራ ሰባቱንም ጉንፋን እንደያዛቸው ነገረችው። እርሱም እንደ ሥርዓቱ በእያንዳንዱ ወንበር ላይ አንድ አንድ ፈተና አስቀምጦ እርሳስ መቅረጽ ጀመረ። እንግዲህ ቀበሮ ያላሰበችው ነገር ይህ ነው። ወረቀቱን ምስጥ እየበላ ስላስቸገረ፣ ያን ዓመት ፈተናው የተጻፈው በፍየል ብራና ላይ ነበር። ጅብ አሸተተ። ዘፈኑ ከራሱ በኖ ጠፋ። ከኤሊ ወንበር ላይ ያለውን ሊደግም እጁን ሲዘረጋ ጉሬዛ ቀና አለ።

«ጨርሰሃል እንዴ?»

«ጨርሻለሁ፣ ጌታው። ጨው አንሶታል እንጂ ሌላው ደህና ነው።»

ጉሬዛ አልተቆጣም። መዝገቡን ገልጦ፣ የተቀመጠ አንድ፣ ያለፈ ዜሮ ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን ነከረ። ቀበሮ ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። በዚህ ጊዜ በመስኮቱ በኩል ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ገቡ፤ ቀጥሎም የአህያ ራስ።

«ጌታዬ፣ የፈተና መግቢያ ስንት ሰዓት ላይ ይዘጋል?»

«ሦስት ሰዓት።»

«የእኔስ ስም መዝገቡ ላይ አለ?»

ጉሬዛ በጣቱ ፈለገ። «አህያ፣ ተራ ቁጥር አራት። ጉንፋን ይዟታል ተብሏል።»

«ለቆኛል» አለች አህያ።

ቀበሮ ዘልላ መስኮቱ ጋ ደረሰችና በጆሮዋ አንሾካሾከች። «ግቢ፣ ግቢ እህቴ። ግን አንቺ ብቻ። አንቺ ካለፍሽ ሃምሳ በመቶ እናገኛለን።»

አህያ በሩን አየች። ሦስት ዓመት የጠበቀችው ወንበር ባዶውን ይጠብቃታል። ፀሐይዋንም አየች፤ ጊዜው ገና ነው። ከዚያ ፊቷን ወደ ኮረብቶቹ አዙራ አናፋች። እንዴት ያለ ማናፋት! ሰባት ኮረብታ ተሻገረ፤ ዛፎች ቅጠላቸውን አራገፉ፤ ከተወለደ ጀምሮ የማይሰማ አንድ ቀንድ አውጣ እንኳ «ማን ጠራኝ?» አለ ይባላል። የተሰናበቱት ሁሉ አቧራ እያስነሱ መጡ። ኤሊ ከሚዳቋ ቀድሞ ደረሰ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ወንበሮቹ ሞልተው ነበር።

ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ ውጤት መጣ። ከአሥራ ስምንቱ አሥራ አንዱ አለፉ። ማለፊያው ሃምሳ ሲሆን አህያ ሃምሳ አራት አመጣች። ዋንጫው ሌላ ቦታ ሄደ፤ ቀበሮም ቤተ መንግሥት አልገባችም። ጥቂት ቀን አኮረፈችና፣ ለወደቁት ሰባት የከሰዓት ማጠናከሪያ ትምህርት ከፈተች፤ ጥያቄውንም በየሳምንቱ መቀየር ጀመረች።

ጅብ ግን ቀጥታ ወደ አህያ ሄዶ አንገቱን ደፋ። ማንበብ እንድታስተምረው፣ ለከርሞ በእውነት መፈተን እንደሚፈልግ ነገራት።

አህያ ጥርሱን ተመለከተች፤ ቀጥሎ ዓይኑን። «አስተምርሃለሁ፣ አያ ጅቦ። አንተ ከወንዙ ወዲያ፣ እኔ ከወንዙ ወዲህ ሆነን።»

ጅብም ፊደል ገበታውን አንጠልጥሎ፣ ውኃው እስከ ደረቱ እየደረሰው ተሻገረ።

ከዚህ የምንማረው፣ ትምህርት ቤት የሚመሰገነው ደካማውን ከፈተና በማስቀረት ሳይሆን ለፈተና በማብቃት መሆኑን ነው።

ከነገርኋችሁ ሁሉ ከራሴ የጨመርሁት አንዲት ትንሽ ነገር ብቻ ናት፤ ጉሬዛው መነጽር አልነበረውም።