ዳልቻ የላከው ወንፈል

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ የጥቅምት ውርጭ ሳሩን ማድረቅ በጀመረበት ሰሞን፣ ዳልቻ የሚባል ጎልማሳ አህያ ከገበያው አጠገብ ይኖር ነበር። ጀርባው ሰፊ፣ ጉልበቱ የተመሰገነ ነው። ቃሉ ግን የጀርባውን ያህል አልጠናም። እናቱ እመት ቻይነሽና አባቱ አያ ጫንያለው ከጋራው ማዶ ለብቻቸው ይኖራሉ። ሁለቱም አርጅተዋል፤ የእናቱ ጉልበት ደክሟል፣ የአባቱ ዓይን ደግሞ ፈዞ ሰውንና ጉቶን አይለይም።

የዚያ ዓመት ክረምት ቤታቸውን እንዳልነበረ አድርጎት ነበር። አጥሩ ወደቀ፣ ክዳኑ አፈሰሰ፣ የግድግዳው ጭቃ ተላጠ፣ ጓሮውን አረም ዋጠው፣ ቦዩም በደለል ተደፈነ። በዚያ አገር ዝናቡ ሲያባራ ልጅ ወደ ወላጆቹ ቤት ሄዶ የፈረሰውን ያቃናል፤ ደንቡ ይህ ነው። እመት ቻይነሽም ባገኘችው መንገደኛ ሁሉ መልእክት ትልካለች።

«ልጄ፣ አጥሩ ወድቋል። አባትህ ጅብ በጮኸ ቁጥር እንቅልፍ የለውም። ናና አጥርልን። ክዳኑንም እይልን። ምሰሶው አዘምሟል። ቦዩም ተደፍኗል።»

ዳልቻ «እሺ፣ ነገ እመጣለሁ» ይላል። ነገ ሲደርስ «ከነገ ወዲያ» ይላል። ሌላው የጤፍ ባለጸጋ፣ የከብት ባለጸጋ ነው፤ እሱ ደግሞ የነገ ባለጸጋ ነበር።

ሰነፍ ነው እንዳትሉ፣ አይደለም። የጎረቤት ቤት ሲሠራ ቀድሞ የሚገኘው እሱ ነው። እዚያ «አይ ጉልበት! አይ ዳልቻ!» የሚለው ሞልቷል። እናትና አባት ቤት ግን ማን ያጨበጭባል? እንዲህ ሆነና ያን ሰሞን አለቃ ቀበሮ ቤት ሙሉ ቀን ጭቃ ሲረግጥ ዋለ፤ በወንፈል። ወንፈል ማለት ዛሬ እኔ ለአንተ እሠራለሁ፣ ሌላ ቀን አንተ ለእኔ ትሠራለህ ማለት ነው። በአያ አንበሳ አገር የወንፈል ሕግ ጥብቅ ነበር፤ ወንፈሉን ሠርቶ ሳይጨርስ ከባለቤቱ ግቢ አንዲት ነገር የቀመሰ እንደሆነ ቆዳው ይገፈፋል።

ቀበሮ ውለታውን የሚመልስበት ቀን ሲደርስ ወገቡን ይዞ እያቃሰተ መጣ።

«ዳልቻዬ፣ የአንድ ቀን ወንፈል አለብኝ። ግን ይኸው ወገቤ አላነሣኝ አለ። ደግነቱ ለእኔም ወንፈል ያለበት አንድ ሠራተኛ አለ። በእኔ ፈንታ እሱ ሄዶ የወላጆችህን ቤት ቢያድስልህስ?»

«ብርቱ ነው?»

«ጥርሱን ነክሶ ነው የሚሠራው!»

«በቃ፣ ይሂድልኝ!» አለ ዳልቻ ደስ ብሎት። ማን ነው ብሎ አልጠየቀም። ቀበሮም የወገቡን ሕመም ረስቶ እየዘለለ ሄደ።

በማግስቱ ዳልቻ ገለባ ላይ ሲንከባለል ዋለ። ፀሐይ ወደ ጋራው ስታዘቀዝቅ ግን አንድ ነገር ትዝ አለው። ወንፈል ሲያልቅ ማዕድ ይቀርባል፤ እናቱም ገብስ ሳታቆይ አትቀርም። «ከማዕዱስ አልቀርም» አለና መንገድ ጀመረ።

ጋራውን ወጥቶ ቁልቁል ሲያይ ዓይኑን ማመን አቃተው። የወደቀው አጥር ቆሟል። ያውም ምን ዓይነት አጥር! እሾሁ ተጠላልፎ አይጥ አያሳልፍም። ከፍታው ከግንባሩ ይበልጣል። ክዳኑ ተደፍኗል፣ ግድግዳው ተመርጓል። «አለቃ ቀበሮ አልዋሸም፤ ይሄስ ሠራተኛ ነው!» እያለ ወረደና በሩን ፈለገ። በስተቀኝ ሄደ፣ የለም። በስተግራ ዞረ፣ የለም። ግቢውን ዞሮ ጨረሰው። አጥሩ በር አልነበረውም።

በር የሌለው አጥር ምን ያደርጋል ብሎ ሲገረም፣ ከውስጥ ጎርናና ድምፅ ሰማ።

«እመት ቻይነሽ፣ ወንፈሌ አለቀ! ቁርበት አንጥፉልኝና ልቀመጥ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ?»

ዳልቻ ክው አለ። በእሾሁ መሃል አጮልቆ አየ። ከግቢው መሃል የቆመው አያ ጅቦ ነበር። ጭቃው እስከ ጉልበቱ ደርቆበታል፣ ምራቁ ይንጠባጠባል። አባቱ አያ ጫንያለው ደግሞ ጅቡ አጠገብ ቆሞ ጭራውን በደስታ እያወዛወዘ ነው።

«ተባረክ፣ የልጄ ወዳጅ!» ይላል ሽማግሌው። «ድምፅህ ትንሽ ያስደነግጣል እንጂ ለሥራስ ወደር የለህም። ልጃችን ራሱ ባይመጣ እንዳንተ ያለውን ላከልን።»

የላከው ዳልቻ ራሱ ነው! ጅብን ወደ እናትና አባቱ ቤት በገዛ አፉ «ይሂድልኝ» ብሎ ሰደደው። ሊያናፋ አፉን ከፈተና መልሶ ዘጋው። ቢያናፋ ጅቡ ይቸኩላል። አጥሩን ልስበር ቢል እሾሁን አልፎ እስኪገባ ሁለቱም አልቀዋል።

በዚህ ጊዜ የእናቱ ድምፅ ተሰማ። ቀስ ያለ፣ የተረጋጋ ድምፅ ነው።

«አይ አያ ጅቦ፣ መች አለቀና! ምሰሶውስ? አዘምሞ አይደል?»

ጅቡ አጉረመረመ። ወደ ቤት ገብቶ ምሰሶውን እየገፋ አቃናና ላቡን አንጠፍጥፎ ወጣ። «አለቀ!»

«ጉልላቱስ? ክረምቱን ሙሉ በእሱ በኩል ነው ያፈሰሰው።»

«ቅድምስ ለምን አልነገሩኝም?» አለ ጅቡ። ቢሆንም ቆዳው አሳሰበው፤ ጣራው ላይ ወጥቶ ጉልላቱን አስተካክሎ ወረደ። «አሁንስ አለቀ!»

«የደጁ ድንጋይ ተነቃንቋል፤ አባትየው ይሰናከልበታል።»

ዳልቻ ይህን ሁሉ ያውቀዋል። ምሰሶው፣ ጉልላቱ፣ የደጁ ድንጋይ፣ አንድም ያልሰማው ነገር የለም። በየመንገደኛው አፍ የመጣለት፣ እሱም «ነገ» እያለ የመለሰው መልእክት ነው። እናቱ አሁን ለጅብ ትነግረዋለች። አንድ ሥራ ስትጨምር አንድ ትንፋሽ ትገዛለች። ዳልቻ አንገቱን አስግጎ «ጨምሪ እማዬ፣ ጨምሪ!» ይላል በሆዱ።

የደጁም ድንጋይ ተስተካከለ። እመት ቻይነሽ ዞር ዞር ብላ ግቢውን አየች። ጓሮው ታርሟል፣ ግድግዳው ተመርጓል። የቀረ ነገር ጠፋት። ጅቡ ከንፈሩን ላሰ።

ያን ጊዜ ዓይኗ አጥሩ ላይ አረፈ። ከእሾሁ በላይ ሁለት ረጃጅም ጆሮዎች ቆመዋል። የማን ጆሮዎች እንደሆኑ እናት አይጠፋትም። ፊቷን ሳትለውጥ ወደ ጅቡ ዞረች።

«በሩስ?» አለች።

«የምን በር?»

«አጥር ያለ በር አለቀ ይባላል? ነገ አያ አንበሳ ‹ወንፈልህን ጨርሰሃል?› ቢልህ ምን ልትመልስ ነው?»

ጅቡ ጆሮውን አከከ። «በር ካወጣሁማ ታመልጡኛላችሁ።»

«በዚህ ጉልበቴ? እሱስ በዚያ ዓይኑ?»

«ማን ነው የሚያመልጠው?» አለ አያ ጫንያለው ከወዲያ።

ጅቡ አሰበ፤ ማሰብ ደግሞ ይደክመዋል። የሆዱ ጩኸት ከአያ አንበሳ ፍርሃት ጋር ተደምሮ አጣደፈው። የጅብ ችኩል ቀንድ ይነክሳል። «የት ይውጣ በሩ? ቶሎ ይንገሩኝ!»

«በጋራው በኩል፣ እዚያ ጋ ይሁን» ብላ ጆሮዎቹ የታዩበትን ቦታ አሳየችው። ጆሮዎቹ ግን ወዲያው ጠፍተው ነበር።

ጅቡ እሾሁን በጥርሱ እየነቀለ ወደ ውስጥ ጣለ። ክፍተቱ ሰፋ። «ከውጭም በኩል ይስተካከል እንጂ፣ እንዲህ ተንጨባርሮ በር ይባላል?» አለች እመት ቻይነሽ። ጅቡ እየተሳደበ ሹልክ ብሎ ወጣ። ዳልቻ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሞ ይጠብቀው ነበር። ለገበያ ሸክም የተመሰገነውን ጉልበት ሁሉ በሁለት የኋላ እግሩ ላይ አሳረፈና ጅቡን መንጋጋው ላይ በርግጫ አለው። አያ ጅቦ ቁልቁል እየተንከባለለ ወንዙ ዳር ደረሰ። ከዚያ በኋላ ዞር ብሎም አላየ። ኋላ ቀበሮ «ወንፈሌን ከፈልክልኝ?» ብሎ ቢጠይቀው፣ በተንጋደደ አፉ «ከፈልኩ፤ ምራቂም አገኘሁ» አለው ይባላል።

ዳልቻ በአዲሱ በር ገባ። አባቱ አንገቱን አስግጎ የእግሩን ኮቴ አዳመጠ።

«ዳልቻ ነህ? እንኳን ደህና መጣህ! ሠራተኛው ምነው ሳይቀምስ ሄደ? ባዶ ሆዱን መስደድ ነውር አይደለም እንዴ?»

«አባዬ...» አለ ዳልቻ። «አባዬ፣ ጅብ ነበር።»

አያ ጫንያለው ያለበት ቦታ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ፣ «አንተ የላክህልን?» አለ። ዳልቻ በሕይወቱ ብዙ ዱላ ቀምሷል፤ እንደዚያች ጥያቄ የመታው ግን የለም።

ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ ከመቼ ጀምሮ አወቅሽው?»

«ገና ሲመጣ ነዋ! እንደ አባትህ ዓይኔ አልጠፋ። ግን ‹ዳልቻ ልኮኝ ነው› አለኝ። የልጄ ስም ባይጠራ እኮ በሩቁ ሳየው የቤቱን በር እንዘጋበት ነበር። ስምህን ስሰማ ግራ ገባኝ፤ እስክወስን ድረስ ግቢ ገባ።»

«ታዲያ ቀኑን ሙሉ እንዴት ቻልሽ?»

«የተውክልንን ሥራ አንድ በአንድ እያወጣሁ ሰጠሁት» አለች። ድምፅዋ ውስጥ ሽሙጥ አልነበረም፤ ይህም ለዳልቻ የባሰ ሆነበት። «ብዛቱ አተረፈን ልጄ። ከዚያ ሁሉ አንዱን እንኳ ሠርተህልን ቢሆን ኖሮ አንተ ሳትደርስ ሥራው ያልቅ ነበር፤ እኛም አብረን እናልቅ ነበር።»

ዳልቻ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግድግዳው አዲስና እርጥብ ነው፤ የጅቡ መዳፍ አሁንም ላዩ ላይ ይታያል። እንባው ወረደ። በእሱ ኮቴ መመረግ የነበረበት ግድግዳ ነበር።

እመት ቻይነሽ ገብሱን አቀረበች። «ና ብላ፣ መንገድ መጥተሃል።»

ዳልቻ አልበላም። ጆሮዎቹን አቁሞ ግቢውን አየና፣ «ቦዩስ?» አለ።

«ውይ፣ ቦዩ!» አለች እናቱ ደንግጣ። «በድንጋጤ እሱን ረስቼው! በሩ ትዝ ባይለኝ ኖሮ እኮ...» ብላ ዳልቻን ተደገፈች።

ዳልቻ መልእክቱን አልረሳም ነበር፤ ሁሉንም ሰምቷል። እናቱን አባቱ አጠገብ አስቀመጣትና ወደ ጓሮ ሄደ። ደለሉን በኮቴው ይዝቅ ጀመር። «ነገ ትሠራዋለህ፣ አሁን ደክመሃል» አለው አባቱ ከደጅ።

«የለም አባዬ፣ ዛሬ ነው» አለ ዳልቻ።

ከዚህ የምንማረው፣ የእናትና የአባት ቤት በልጅ እጅ በጊዜው የሚታደስ እንጂ «ይሂድልኝ» ተብሎ ለማያውቁት ምትክ የሚሰጥ አለመሆኑን ነው።