«እንጃ» ያለችው ጥጥ ፈታይ

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አንተ ጥግ ላይ ያለኸው፣ ማንኮራፋቱን ለቤትህ አቆየውና ስማ።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ወንዝ ዳር፣ አንጓች የምትባል ጥጥ ፈታይ ነበረች። ባሏ ሞቷል። ያላት አንድ በሬ፣ አንድ እንዝርትና አንድ የግትርነት ጠባይ ነው። ያላየችውን አየሁ፣ ያላወቀችውን አውቃለሁ አትልም። ሲጠይቋት «እንጃ» ትላለች። በዚያው መንደር ወልደሰንበት የሚባል ጭቃ ሹም ነበረ። እሱ ደግሞ የማያውቀው ነገር የለም፤ ሳትጠይቁትም ያውቃል።

ታዲያ አንድ ቀን የጭቃ ሹሙ በቅሎ ጠፋች። ገና ከገዛት ወሩ ነው። ወዲያው አውጫጭኝ ተጠራ። አውጫጭኝ ታውቃላችሁ? አገሬው ሁሉ ዋርካ ሥር ይሰበሰባል፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ሁሉም አንድ ስም ጠርቶ ይምላል። አንድ ሰው ከቀረ መሐላው አይጸናም።

ወሩ ኅዳር ነው። ጤፉ ደርሷል፣ ሰማዩ ያለወጉ ጠቁሯል። የሰው ሁሉ ልብ ማሳው ላይ ነው። እናም በመጀመሪያው ቀን፣ ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ ስም ተገኘ፤ ቀጥቃጩ ደርሶልኝ። ለምን እሱ? መጤ ነዋ። ማረሻቸውን ይሠራል፣ ማጭዳቸውን ይስላል፣ ዘመድ ግን የለውም። ዘመድ የሌለው ሰው ስሙ ቶሎ ይገኛል። ከተፈረደበት እጁ ይቆረጣል። እጅ የሌለው ቀጥቃጭ ምን በልቶ ያድራል? እናንተው ንገሩኝ።

ሁሉም ማለ። ተራው አንጓች ጋ ደረሰ። እንዝርቷን እያሾረች፣ «እንጃ» አለች።

«አገር ያወቀውን እንዴት እንጃ ትያለሽ?» አላት ጭቃ ሹሙ።

«አገሩስ ከማን ሰማ?» ብላ ጎረቤቷን ጠየቀቻት። ጎረቤቷ የሰማችው ከአማቷ ነው። አማቷ ውሃ ስትቀዳ ከጓንጉል ሚስት ሰምታለች። የጓንጉል ሚስትስ? ከዚያችው ከጎረቤቷ!

«ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» አለችና አንጓች ፈትሏን ቀጠለች።

በሁለተኛው ቀን ጓንጉል ተነሣ። «እኔ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ከወንዙ ማዶ፣ በቅሎዋን ሲጎትት።»

«ጓንጉል ወንድሜ፣ ባለፈው ሰኞ ከማዶ ሆነህ ‹አክስቴ፣ እንደምን አመሸሽ› አላልከኝም? አክስትህ ነኝ?» አለችው አንጓች።

ሰዉ ሳቀ። ጓንጉል ራሱን አከከ።

«ዋሸህ አልልህም» አለችው። «እሱ መሆኑን ግን እንጃ።»

በሦስተኛው ቀን ነጎድጓድ ተሰማ። ያን ጊዜ የሳቀው ሁሉ ዞረባት። «በአንቺ እንጃ ጤፋችን ሊበሰብስ ነው» አሏት። ጭቃ ሹሙም ማር በቅል አስመጣ።

«ቅመሺ። ማር ይጣፍጣል ወይስ አይጣፍጥም? ይህንንም እንጃ በይና እንይሽ።»

ቀመሰች። «እኔን ይጣፍጠኛል፤ በዚህ እምላለሁ። ጌታዬ፣ እርስዎ አምና የወፍ በሽታ ይዞዎት ሬት ነው ብለው የተፉትም ከዚሁ ቀፎ ነበር። ማሩ ራሱ ምን እንደሆነ ግን እንጃ።»

ጭቃ ሹሙ ደሙ ፈላ። «ወይ ትምያለሽ፣ ወይ በሬሽ ይታረዳል» አለ።

አንጓች ፈራች። አልዋሻችሁም፣ እንዝርቷን ማሾር አቆመች። ያለ በሬ ማሳዋ ጦም ያድራል። ቀና ብላ ደርሶልኝን አየችው፤ ሁለት እጆቹን ብብቱ ውስጥ ሸሽጓቸዋል።

«ሌባ ነው አላልኩም፤ አይደለምም አላልኩም» አለች። «የማላውቀውን አውቃለሁ ብዬ የሰው እጅ አላስቆርጥም። በሬዬ እዚያ ታስሯል፤ ይውሰዱት።»

በሬው ታረደ። አንጓች አለቀሰች፤ ግን አልማለችም።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ነጋዴ በቅሎዋን እየሳበ መጣ። «ጭቃ ሹም፣ ይህቺ የሸጥኩልዎት በቅሎ ገመዷን በጥሳ ወዳሳደግኋት ወደ እኔ ተመለሰች» አለ።

ከዚያ ሁሉም በአንድ አፍ፣ «አንጓች ታውቅ ነበር» ማለት ጀመረ። ጭቃ ሹሙ አፍሮ ሁለት በሬ ሰጣት። በቀኙም ተቀምጣ ሌባ እንድትለይለት ጠየቃት።

«አላውቅም ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ የነገርኳችሁ ይህንኑ ነው» አለችው። በሬዎቹን ተቀበለች፣ ወንበሩን ተወችለት።

ወደ ቤቷ ልትሄድ ስትነሣ ግን ከኋላዋ ጩኸት ሰማች። «ጓንጉል ነው ያሳሳተን! በሐሰት ሊያስቆርጥ ነበር፤ የእሱ እጅ ይቆረጥ!» አንዱ ማለ፣ ሁለተኛው ማለ፣ ሦስተኛው ማለ። ጓንጉል ወደ አንጓች አየ።

አንጓችም ተመልሳ ዋርካው ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። እንዝርቷን አወጣች።

«ዋሽቶ ነው ወይስ ተሳስቶ?» አለች። «እንጃ።»

መሐላው ሳይጸና ቀረ፤ ጓንጉልም እጁ ተረፈለት። በዚያ ሳምንት ደርሶልኝ መጀመሪያ የሳለው የአንጓችን ማጭድ ነው፤ ቀጥሎ የጓንጉልን።

ልጆቼ፣ ሳታውቁ አውቃለሁ ከምትሉ፣ አገር ቢቆጣችሁም አላውቅም በሉ። የተቆረጠ እጅ በይቅርታ አይቀጠልም። ይህ ታሪክ እውነት ነው ወይ ካላችሁኝ ደግሞ፣ እንጃ። እኔም ሲሉ ሰምቼ ነው።