ሞተሩ ከጠፋ በኋላ

«የነዳጅ ማደያ ያለው አንድ ሰው ነበረ» አሉ ሽማግሌው ጋሽ ይመር፣ ደምሰው የጠየቃቸውን ሰምተው ሲያበቁ። የደምሰው ሚስት ትርንጎ ልጇን አዝላ እናቷ ቤት ከገባች ወር ሆኗታል። «መጠጥ አልቀመስኩ፣ ክፉ ቃል አልወጣኝ፤ እናንተም ለእርቅ ስትመላለሱ አይታችሁኛል። ታዲያ ሚስቴን ለምን አትመልሱልኝም?» ነበር ያላቸው።

ማደያ ያለው ሰውዬ መሬት ውስጥ የቀበረው ታንከር ተሰንጥቆ ኖሮ፣ ቤንዚኑ ቀስ እያለ የአንዲት ጎረቤቱ ቤት ሥር ገባ። ሴትዮዋ ባሏ የሞተባት ናት። ሽታው በወለሉ ስንጥቅ እየወጣ ልጆቿን ያስመልሳቸው ጀመር። እሷም ይዛቸው እህቷ ቤት ገባች። ቀበሌው ሰውዬውን «መሬቱን እስክታጸዳ አትሸጥም» አለው።

ሰውዬው ባለሙያ አመጣ። ባለሙያው በሴትዮዋ ግድግዳ ሥር ቱቦ ተክሎ በሞተር የአፈሩን አየር ይስብ ጀመር። ሴትዮዋ በየቀኑ እየመጣች አጥሩ ጋ ቆማ ታያለች። መጀመሪያ የወጣው አየር ዓይን ያስለቅስ ነበር። በሦስተኛው ቀን የሽታው መለኪያ ቁጥር ወረደ። በሳምንቱ ዜሮ ሊገባ ምንም አልቀረው።

«አየሽ እህቴ? ጠዳ!» አላት ባለማደያው።

ባለሙያው ግን ራሱን ነቀነቀ። «ፈተናው ገና ነው። አየሩ ባለፈበት ያለውን ይጠርጋል፤ ጭቃው የያዘው ግን ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ሞተሩን አጥፍተን ሃያ ቀን እንተወውና ያን ጊዜ እንለካው።»

«ሃያ ቀን ዘግቼ ዝንብ እሽ ልበል? ቁጥሩን አላየህም? ያየኸውን ጻፍ!»

ባለሙያው ያየውን ጻፈ። አልዋሸም። ሞተሩ እየሠራ ሳለ መሬቱ ንጹሕ ነው ብሎ ጻፈ። የቀበሌው ሰው «ንጹሕ ነው» የምትለዋን ብቻ አነበበ።

ሴትዮዋ ወለሉ ላይ ተንበርክካ አሸተተች፤ ምንም የለም። ልቧ ግን እንቢ አላት። «ግቢ እንጂ፣ በሰው ቤት እስከ መቼ?» አላት ሰፈሩ ሁሉ፤ እህቷም ጭምር። ገባች። ሞተሩ ተነቅሎ ሄደ። አራት ቀን ደህና ሰነበቱ። በአምስተኛው ሽታው ከአልጋው ሥር ብቅ አለ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ትንሿ ልጅ ወለሉ ላይ ስትጫወት ተዘረረች። ሐኪም ነፍሷን አተረፈላት፤ አንደበቷ ግን እስከ ዛሬ አልተፈታም።

ሴትዮዋ ልጅቷን ታቅፋ ቀበሌ ሄደች። የቀበሌው ሰው መዝገቡን ገልጦ «ንጹሕ ነው ይላል እኮ፣ እናቴ» አላት።

«እንግዲያው እዚያ ቤት ወረቀቱን አስተኙበት» ብላ ወጣች። ወደዚያ ቤት አልተመለሰችም።

ጋሽ ይመር እዚህ ላይ ወደ ደምሰው ዞሩ።

«ያ መሬት አንተ ነህ። እኛ ስንመላለስ፣ ጎረቤትም ጆሮውን ጥሎብህ ሲያዳምጥ ሞተሩ እየሠራ ነው። በዚህ መሃል ንጹሕ ብትሆን ምን ይገርማል? እኛ እግራችንን ስናነሳ የሚወጣውን የምትተነፍሰው ትርንጎ ናት።»

«እሺ፣ መቼ ነው የምታምኑኝ?» አለ ደምሰው፣ ድምፁ ከረር ብሎ።

ጋሽ ይመር ቀጠሉ።

«አምና ከፋሲካ በኋላ ወረቀቱን የጻፍኩልህ እኔ ነኝ። ‹ተለውጧል፣ ግቢ ልጄ› ብዬ እጇን ይዤ አስገባኋት። ከአፏ የጎደሉት ሁለት ጥርሶች ያን ቀን ነበሩ፤ ስታመሰግነኝ አይቻቸዋለሁ።»