የደረቱ ጠፍር

አንድ ሰው ነበረ። ባለጋሪ ነው፤ ከአንድ ቀይ ፈረስና ከጋሪው በቀር ሀብት አልነበረውም። ያን ጊዜ መኪና ወደዚያ ከተማ ገና አልገባም። እህል ወደ ወፍጮ፣ በሽተኛ ወደ ጠበል፣ ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት የሚሄደው በጋሪ ነበር። ፈረሱ ደህና ከሆነ ባለጋሪው ከነልጆቹ ጠግቦ ያድራል።

ይህን የሚናገሩት የኔታ ክንፈ ናቸው፤ የሚሰማው የቀድሞ ተማሪያቸው ቄስ መርዓዊ ነው። ቄሱ የንስሐ አባት ከሆነ ገና ወራት ነው። ውሃ እየቀዳች ሸጣ ለምታድር ሴት በየቀኑ መቶ ሃምሳ ስግደት ቀኖና ቢሰጣት፣ ሳምንት ያህል ሞክራ ከነጭራሹ ከቤተ ክርስቲያን ቀረች። «የኔታ፣ ቀኖናዋን ጣለች። ልጨምርባት?» ብሎ ነበር የጠየቃቸው።

እና ፈረሱ አንድ ቀን አልጎትትም አለ። ከዳገቱ እኩሌታ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ቢለምነው፣ ቢገርፈው ንቅንቅ የለም። አገሩ ሁሉ መካሪ ሆነ፤ «ሸጠህ ተገላገል» የሚለው በዛ። ልጆቹ ጦማቸውን ማደር ጀመሩ። ሰውዬው ሲጨንቀው የፈረስ ዕቃ ወደሚሰፉ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ሄዶ፣ ከአሮጌው የወፈረ አለንጋ እንዲገምዱለት ለመናቸው።

ሽማግሌው የአለንጋውን ነገር ትተው ወደ ፈረሱ ሄዱ። ፈረሱን ከጋሪው ፈትተው ጥላ ውስጥ አሰሩት። ሸማቸውን አወለቁ። ከዚያም በጋሪው ሁለት እንጨቶች መካከል ገብተው፣ ፈረሱ የሚጎትትበትን የደረት ጠፍር በባዶ ገላቸው ላይ አጠለቁት።

«ውጣና ተቀመጥ፤ ዳገቱን ንዳኝ» አሉት።

ባለጋሪው አፈረ፤ ግን እምቢ ማለትም አቃተውና ወጥቶ ተቀመጠ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው፣ ዝግ ብለው ጎተቱ። ከዳገቱ እኩሌታ ሲደርሱ ቀጥ አሉ። ያን ጊዜ የባለጋሪው እጅ ሳያስበው ወደ አለንጋው ሄደ። ደነገጠና ዘሎ ወረደ።

ጠፍሩ ሲወልቅ ከሽማግሌው ግራ ጡት በላይ ተወግቶ ደም ወጥቷል። ባለጋሪው ሮጦ የፈረሱን ደረት ጠጉር ገለጥ ቢያደርግ፣ እዚያው ቦታ ላይ ትንሽ ቁስል አገኘ። ለካ ጠፍሩ የተበጠሰ ጊዜ ቸኩሎ በሽቦ ጠግኖት ነበር፤ የሽቦው ጫፍ ወደ ውስጥ ዞሯል። እሱ ረስቶታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።

ባለሙያ ማለት እንደ እኒያ ሽማግሌ ነው። አርባ ዓመት ሲሰፉ፣ መጀመሪያ የእርሳቸውን ደረት ሳይነካ ከቤታቸው የወጣ ጠፍር የለም። እንስሳው አፍ የለውምና እርሳቸው ደረታቸውን አዋሱት። የዚያኑ ዕለት አዲስ ጠፍር ሰፉለት፤ ስፌቱን ወደ ውጭ፣ የበግ ለምዱን ወደ ውስጥ አድርገው። ቁስሉ እንደዳነ ፈረሱ ሙሉ ጭነቱን ይዞ ዳገቱን ወጣ። አለንጋውን ከዚያ ወዲያ ያነሳው የለም።

የኔታ እዚህ ላይ ወደ ቄሱ ዞሩ።

«አንተም ልጄ፣ እንደዚያ ባለጋሪ አለንጋ ልታስገምድ መጣህብኝ። ያቺ ሴት ስግደትህን የምትጀምረው ቀኑን ሙሉ እንስራ አዝላ ዳገት ስትወጣ ስትወርድ ውላ ነው። ነገ ጠዋት ተነሥና አንተም እንስራ አዝለህ ከእርሷ ጋር ወንዝ ውረድ። ስትመለስ መቶ ሃምሳውን ስገድ። የት ላይ እንደሚወጋ ያን ጊዜ ታገኘዋለህ፤ ቀኖናዋንም ያን ጊዜ በልኳ ትሰፋላታለህ።»