የተዘቀዘቀው የፊደል ገበታ

ተረት አለኝ፤ ጆሮ ያለው ይቅረብ።

ድሮ የኔታ ጉሬዛ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የአራዊትን ልጆች ፊደል ያስቆጥሩ ነበር። ለትንሿ ጃርት ግን ፊደሎቹ ዓይኗ ላይ እየተተራመሱ ዓመት ሙሉ አልለይ አሏት።

«ስንፍና ነው፤ ዛሬ ካላነበብሽ ነገ እንዳትመጪ» አሏት የኔታ።

«ከእኔ ተማሪ እንጂ፣ አንቺ እሾሃም» አለ በቀቀን፤ ገበታው ፊት ቆሞም ከሀ እስከ ፐ በአንድ ትንፋሽ አንበለበለው። የኔታ ደስ ብሏቸው መረቁት።

ጃርት እየፈራች ቀረበችና የመጀመሪያውን ፊደል በጣቷ ቀስ ብላ ተከተለችው።

«የኔታ፣ ገበታው ተዘቅዝቋል» አለች።

ለካ ጠዋት ነፋስ ጥሎት፣ የኔታ መልሰው ሲሰቅሉት ገልብጠውት ኖሯል። በቀቀን ላባውን ማበጠር ጀመረ።

«በምን አወቅሽ?» አሉ የኔታ።

«እማማ ኤሊ አሸዋ ላይ በጣቴ ያስጽፉኛል። ዓይኔ ሲምታታበት ጣቴ ያስታውሳል።»

የኔታ አንገታቸውን አንዴ ወደ ቀኝ፣ አንዴ ወደ ግራ ዘንበል አድርገው ገበታውን አዩት። ከዚያ ሌሎቹን አሰናብተው ጃርትን ብቻ አስቀሯት። ተባረርኩ ብላ ስታስብ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አሉ።

«ልጄ፣ ይሄ የአሸዋው ነገር ለሽማግሌም ይሠራል?»

ተረቴ ይኸው ነው፤ ያልጣመው የራሱን ያምጣ።