እማዋይሽ የሣለችው ሌባ

«ተረት ተረት!»

«የጆሮ እራት!»

በድሮ ዘመን፣ ከወንዝ ማዶ፣ እማዋይሽ የምትባል ባልቴት ነበረች። ያላት ሀብት አንዲት በቅሎ ነበረች። አንድ ማለዳ ከቤቷ ብትወጣ፣ አንድ ሰው በቅሎዋን እየሳበ ሲሄድ አየችው። ጮኸች። ሰውየውም ዞር ብሎ አያትና በቅሎዋ ላይ ጉብ አለ። አቧራውን ትቶላት ሄደ።

እማዋይሽም ዳኛው ዘንድ ሮጠች።

ዳኛው፦ «ምን ይመስላል?» አላት።

እሷም፦ «ቆይ ጌታዬ፣ ሥዬ ላሳይዎ» አለችና ከሰል አንስታ ግድግዳው ላይ ሣለች። ከዚያ በፊት ሥላ አታውቅም። ራሱ እንደ ዱባ፣ እጁ እንደ መንሽ፣ እግሮቹ እንደ ሁለት ዘነዘና ሆኑ።

የዳኛው ሎሌዎች ሥዕሉን አይተው ገበያ ወጡ። ዱባ ራስ ሲፈልጉ ቢተው የሚባል ንብ አርቢ አገኙ። ምስኪኑ ቢተው በዚያ ቀን ንብ ነድፎት ፊቱ አብጦ ነበር። ቁርጥ ሥዕሉን! አስረው አመጡት።

እማዋይሽ፦ «ኧረ እሱ አይደለም!» አለች።

ዳኛው፦ «ሥዕሉ ያንቺ አይደለም?»

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው ሌባው እሱ ነው። ሌላ ሰው ካለ እስከ መስቀል አምጪ። አለዚያ ይፈረድበታል።»

እማዋይሽ እህል አልወርድላት አለ። ስለ በቅሎዋ ሳይሆን ስለ ቢተው። ከዚያም የቤተ ክርስቲያኑ ሰዓሊ አለቃ ድንቁ ዘንድ ሄደችና፦ «ሰው መሣል ያስተምሩኝ» አለች።

«እስቲ እኔን ሣይኝ» አሏት። ሣለች። አለቃ አዩና ሳቃቸው አመለጣቸው።

«ይሄ እኔ ነኝ ወይስ የተገለበጠ በርጩማ? ወደ ጎን ተቀምጬ ሁለት ዓይን አደረግሽልኝ። የምታውቂውን እንጂ የምታይውን አልሣልሽም። ፊቱን ለጊዜው ተይው። ሰው እንዴት እንደሚቆም እዪ። በየትኛው እግሩ ተደገፈ? የቱ ትከሻው ወረደ?»

ከዚያ ወዲያ እማዋይሽ ከሰልና የተሰበረ ገል ይዛ ገበያ ለገበያ ዋለች። ቅቤ ሻጯን ሣለች። ቅቤ ሻጯም፦ «ዝንጀሮ አደረግሽኝ!» ብላ አባረረቻት። በነጠላዋ ጫፍ አጠፋችና ደግማ ሣለች። ነጠላው ጠቆረ፣ ጣቷ ጠቆረ፣ አፍንጫዋም ጠቆረ።

ለቢተውም ስንቅ ታደርስለት ነበር። እሱም፦ «እትዬ እማዋይሽ፣ ስንቁንስ እግዜር ይስጥልኝ። ብቻ ሁለተኛ እንዳይሥሉኝ» አላት።

አንድ ቀን ጌሾ ሻጯ ገሉን አየችና፦ «ውይ! ይቺ አክስቴ ናት! ወገቧን እንዲህ ነው የምትይዘው» አለች። ሥዕሉ ፊት የለውም፣ ዓይንም የለውም። እማዋይሽ በደስታ ዘለለች።

የመስቀል ዕለት ሕዝቡ ዳኛው ደጅ ተሰበሰበ። እማዋይሽ ከሰሏን ይዛ ቆመች። ዓይኗን ጨፈነችና ያን ማለዳ አሰበች። ከዚያም ግድግዳው ላይ ሣለች። ወደ ፊት የሰገገ አንገት። ከፍ ያለ የግራ ትከሻ። ወደ ውጭ የተከፈተ ጉልበት። በቅሎዋ ከኋላ።

ሰዉ ሥዕሉን ሊያይ ተጋፋ። ከመሐል እሜቴ ጥሩአየሁ የሚባሉ አሮጊት እልልታቸውን አቀለጡት።

«ልጄ! ደርሶልኝ! ምን አድርጋ ሣለችው! ኑ እዩት፣ ያቺን በቅርቡ ገዛኋት ያለኝን በቅሎ ሲስብ!»

ሕዝቡ ሁሉ ዞረ። ደርሶልኝ ከኋላ ሹልክ ብሎ ሊሄድ ነበር። አንገቱ ሰግጎ፣ የግራ ትከሻው ከፍ ብሎ፣ ጉልበቱ ተከፍቶ! እሜቴ ጥሩአየሁ ያሉት ገባቸውና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ሎሌዎቹም ያዙት። ቢተው ተፈታ፤ በቅሎዋም ተመለሰች።

በማግስቱ እሜቴ ጥሩአየሁ እማዋይሽ ደጅ መጡ። አንገታቸውን ደፍተው፦ «ልጄ እስኪፈታ ሥዕሉን እያየሁ ልቆይ ብል፣ ዳኛው ግድግዳውን አስለቀለቀው» አሏት።

እማዋይሽም ገል አነሣችና እንደገና ሣለችው። አሁን ግን በቅሎ የለችም። ወደ እናቱ ዞሮ፣ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ፊት ያለው ሰው። እሜቴም በጉያቸው ይዘውት ሄዱ።

ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ፣ ጉሮሮዬም ደረቀ፤ በሉ እሸቱን አቀብሉኝ፣ ሳይቀዘቅዝ አጉርሱኝ።